ቅጹን ራሷ ትሙላው

ጋሽ ሶርሳ ማረፉን የነገረኝ ጥበቃችን ነው። ማክሰኞ ጠዋት የቤተ መጻሕፍቱን ቁልፍ እየሰጠኝ «ሰምተሻል አይደል?» አለኝ።

አልሰማሁም ነበር።

«ጋሽ ሶርሳ ትናንት አረፈ። ቀብሩ ዛሬ ስምንት ሰዓት ነው፣ አገሩ ኦቾሎ።»

ይህን ብሎኝ ወደ ወንበሩ ተመለሰ። እኔም ገባሁ። መስኮቶቹን ከፈትኩ፤ ማራገቢያውን አበራሁ፤ ከመጻሕፍቱ ጀርባ ተላቀው ወለሉ ላይ የወደቁ ሁለት የቁጥር ወረቀቶች አነሳሁ። የአርባ ምንጭ ሙቀት ሙጫ አያቆይም። እነዚህን ወረቀቶች ጠዋት ጠዋት ለቅሞ ወደየመጽሐፋቸው መመለስ የጋሽ ሶርሳ ሥራ ነበር፤ ጡረታ ሲወጣ እኔ ወረስኩት። ሁለቱን ወረቀቶች መዳፌ ላይ አድርጌ ብዙ ቆምኩ። አላለቀስኩም። ደክሞኝ ነበር፤ የዚያን ቀን ብቻ አይደለም፣ ከረም ያለ ድካም ነው።

ቀብሩ ላይ አልደረስኩም። የሚተካኝ ሰው አልነበረም።

እኔ የደብረ ማርቆስ ልጅ ነኝ። ተመርቄ ሁለት ዓመት ሥራ ስፈልግ ቆየሁና በማላውቀው አገር፣ በዚህ የጥናትና ምርምር ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት ውስጥ ተቀጠርኩ። «ለጊዜው ነው» ብዬ ነበር ለእናቴ። የመጀመሪያ ቀን ያገኘሁት ሰው ጋሽ ሶርሳ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ትከሻው ወደ ፊት ያዘነበለ። ልጅነቱን ኦቾሎ ላይ ከአባቱ ጋር ሲሸምን ነው ያሳለፈው፤ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ እንኳ እግሩን የሽመና ጉድጓድ ውስጥ ያስገባ ይመስላል። በዕድሜ አባቴ ስለሚሆን «እርስዎ» አልኩት። ቀና ብሎ በመነጽሩ በላይ አየኝና፣

«ስንት ሰው ታያለሽ እዚህ?» አለኝ።

«አንድ፣» አልኩ።

«እንግዲያው አንተ በይኝ። እርስዎ ሲሉኝ ከኋላዬ ሰው የቆመ ይመስለኛል።»

ከዚያ ወዲያ ጋሼ፣ አንተ፣ ሆነ።

አማርኛው ጥርት ያለ፣ ትምህርት ቤት የተማረው አማርኛ ነው። ሲደክመው ግን ጾታ ይጠፋበታል። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ሲያልፍ «ና እስኪ አንተ ልጅ፣ ይሄን ያዝልኝ» ይለኛል። መጀመሪያ እስቅ ነበር። በኋላ ግን «አንተ» ካለኝ ሻይ አመጣለታለሁ፤ ድካሙን የሚያወጣበት ሌላ መንገድ አልነበረውም።

በገባሁ በሳምንቴ መጻሕፍት መልሼ እንድደረድር ሰጠኝ። ስጨርስ መጣ፤ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ በመደርደሪያዎቹ መሀል አለፈ፤ አንዱ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«632.4ን ከ632.32 በፊት ለምን አስቀመጥሻት?»

«አራት ከሠላሳ ሁለት ያንሳላ፣ ጋሼ።»

«ሠላሳ ሁለት የሚባል የለም እዚህ። ከነጥቧ ወዲያ አንድ በአንድ ነው። ሦስት፤ ከዚያ ሁለት። ሦስት ደግሞ ከአራት ይቀድማል።» ሁለቱን መጻሕፍት ቦታ አለዋወጣቸው። «ያለቦታዋ የተቀመጠች መጽሐፍ ከተሰረቀችው ትብሳለች። የተሰረቀችዋን ቢያንስ ሌባው ያነባታል።»

በዲግሪ ተመርቄ የመጣሁ ልጅ ነኝ። ፊቴ ጋለ። እሱ ግን ለማንም አልነገረብኝም፤ የምሳ ዕቃውን ከፍቶ ከበቆሎ ኩርኩፋውና ከሀለኮ ጎመኑ አካፈለኝ።

የመጻሕፍት ክፍላችን ለአንባቢ ዝግ ነው። አንባቢው የሚፈልገውን ጽሑፍ የመጥሪያ ቁጥር አንዲት ትንሽ ቅጽ ላይ ይጽፋል፤ ስሙንና ስልኩን ያሰፍራል፤ እኛ ገብተን እናመጣለታለን። ጋሽ ሶርሳ ያለ ቅጽ ለማንም አንድ ወረቀት አያወጣም። አንድ ቀን ሁሉም የሚያውቃቸው ትልቅ ተመራማሪ መጥተው «አንድ ነገር ብቻ አይቼ ልውጣ» ብለው ወደ ውስጥ ሲያልፉ ወንበሩን አንስቶ በሩ ላይ ተቀመጠ። «ቅጽ ይሙሉ፣ ዶክተር። እርሳስ እኔ አለኝ።» ሰውየው ተቆጥተው ሄዱ፤ በማግስቱ መጥተው ሞሉ።

እትዬ አማረች የመጡት እኔ በተቀጠርኩበት ዓመት በበጋ ነው። ሃምሳውን ያለፉ፣ ፀሐይ ያጠቆራቸው፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ያሰሩ ሴት ናቸው። ከሩቅ ወረዳ፣ ከካምባ መምጣታቸው ነበር፤ እዚሁ ከተማ ሲቀላ ሰፈር ያለች እህታቸው ዘንድ አድረው ጠዋት በባጃጅ ወደ እኛ መጡ። ጠረጴዛዬ ፊት ቆመው፣

«ልጄ የጻፈው መጽሐፍ እዚህ አለች አሉኝ። ላያት ነው፣» አሉ።

የልጁን ስም ጠየቅኳቸው። በረከት ነው። ኮምፒውተሩ ላይ አገኘሁት፤ ስለ እንሰት አጠውልግ በሽታ የተጻፈ የሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጥናት። «ራሱ ለምን አልመጣም?» ብዬ መጠየቄ አሁንም ይጸጽተኛል። በረከት ተመርቆ ሦስት ዓመት ማመልከቻ ሲያስገባ ኖሯል። በኋላ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ በሞያሌ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ ወጣ። ድምፁ ከጠፋ ዓመት ከመንፈቅ አልፎታል። እናቱ ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸው አልተለወጠም፤ የዝናብ መዘግየት የሚያወሩ ይመስሉ ነበር።

ብድግ አልኩ፤ ላመጣላቸው። ጋሽ ሶርሳ ከጠረጴዛው ሳይነሳ «ቅጹስ?» አለኝ።

«ጋሼ፣ ማንበብ አይችሉም እኮ።»

«ቅጹን ራሷ ትሙላው።»

የቀለደ መስሎኝ ቆምኩ። እሱ ወንበር ስቦ «ነይ ተቀመጪ፣ እህቴ» አላቸው፤ እርሳስ ቀረጸ፤ ባዶ ወረቀት ዘረጋ። ከዚያ መጽሐፉን ራሱ ገብቶ አመጣውና ገጹን ሳይገልጥ ጀርባውን ብቻ ወደ እሳቸው አዞረው።

«ስልክ ትደውያለሽ?»

«እደውላለሁ።»

«እንግዲያው ቁጥር ታውቂያለሽ። ይቺ ምንድን ናት?»

«ስድስት።»

«ስድስት ሲሆን ሰው በእጁ የሚሠራው ነገር ሁሉ ነው። ቀጥሎ ሦስት ስትመጣ፣ እርሻ ነው። ሁለት ስትጨመር ተክል የሚያጠፋ ነገር ነው። ከነጥቧ ወዲያ ያሉት ደግሞ የበሽታውን ዓይነት ይለያሉ።»

«አጠውልግ፣» አሉ እትዬ አማረች። «የኛን ጓሮ ነው የጨረሰው።»

«አዎ። ከሥር ያሉት ሁለቱ ፊደሎች ደግሞ ስሙ ናቸው። በ። ረ።»

እትዬ አማረች በጠቋሚ ጣታቸው ሁለቱን ፊደሎች ነኳቸው። «በረከት?»

«በረከት። የመጨረሻዋ የጻፈበት ዓመት ናት። ይሄ ሁሉ አንድ ላይ መጥሪያ ይባላል። በዚህ ስትጠሪው ይመጣል።»

ሳያስበው ነው ያለው። ካለው በኋላ ነው የገባው። እርሳሱን አስቀመጠ፤ መነጽሩን አወለቀ፤ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው። እትዬ አማረች ግን ወረቀቱ ላይ እንዳጎነበሱ «ይሄ እንኳ ሲጠሩት ይምጣ» አሉና ስድስትን መጻፍ ጀመሩ።

ያን ቀን እስከ አሥር ሰዓት ጻፉ። «በ» እግሯ እየተሰበረች፣ «ረ» እየተንጋደደች። የሚነበብ ቅጽ ሲወጣ ጋሽ ሶርሳ ከእጃቸው ተቀበለ፤ እንደማንኛውም አንባቢ ቅጽ ማህተም መታበት፤ መጽሐፉን ሰጣቸው። እሳቸው የሚፈልጉት ገጽ እንዳለ ያን ጊዜ ነው ያወቅነው። መሀል ላይ የጓሯቸው ፎቶግራፍ አለ፤ የጠወለገ የእንሰት ቅጠል የያዘ እጅ ይታያል። እጁ የእሳቸው ነው። ግማሽ ሰዓት ያህል አዩት፤ ዘጉት፤ አመስግነው ሄዱ።

እኔ ግን ተናድጄ ነበር። በሩ እንደተዘጋ፣ «አንድ ደቂቃ ነበር የሚፈጅብኝ! ከካምባ ድረስ የመጡ እናት እንዲህ ይንገላታሉ?» አልኩት።

ጠረጴዛውን አጸዳ፤ የተበላሹትን ወረቀቶች ሰበሰበ። ሊወጣ ሲል ነው የተናገረው።

«ዛሬ አንተ አለህ፤ መልካም ልጅ ነህ። ነገ ሌላ ሰው ይቀመጣል፣ አይቶ የማያያት። ያኔ በር ላይ ቆማ ማንን ትለምናለች? ልመና ይሰለቻል። ለማኙም ይሰለቻል፣ ሰጪውም ይሰለቻል። ቅጽ የሞላን ሰው ግን ማንም አይመልሰውም።»

«አንተ» ብሎኛል። ምን ያህል እንደደከመው ገባኝ፤ ንዴቴ ግን ያን ቀን አልበረደም።

ከዚያ ወዲያ እትዬ አማረች በየሁለት ሦስት ወሩ ይመጡ ጀመር። ማንንም ሳይጠይቁ ቅጽ ያነሳሉ፤ ይሞላሉ፤ ይሰጣሉ። ፎቶግራፉን ያያሉ። አንዳንዴ የምስጋናውን ገጽ አስከፍተው ስማቸው ያለበትን መስመር እንዳነብላቸው ይጠይቁኛል። ከነጥቧ ወዲያ ያለውን ቁጥር አንድም ቀን ተሳስተው አያውቁም፤ «ሠላሳ ሁለት» የሚል ነገር ከነጭራሹ ከአፋቸው አይወጣም፤ ሦስት፣ ሁለት፣ ብለው ነው የሚያነቡት። ከእኔ ይሻሉ ነበር።

ጋሽ ሶርሳ ጡረታ ሊወጣ አንድ ዓመት ሲቀረው አዲስ ኃላፊ መጣልን። ወጣት ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም። ቦታ ጠቦን ስለነበር የመመረቂያ ጥናቶቹ በሙሉ ወደ ላይኛው ፎቅ እንዲወጡ፣ አሮጌው ቁጥራቸው ተነስቶ ከአንድ ጀምሮ በተርታ እንዲቆጠሩ ወሰነ። ለእኛም ሥራ ያቀልላል አለ፤ እውነቱን ነው። ስብሰባው ላይ ጋሽ ሶርሳ እጁን አውጥቶ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ።

«የድሮውን ቁጥር ይዞ የሚመጣ ሰውስ?»

«ኮምፒውተር ላይ ይፈልጋል፣ ጋሽ ሶርሳ። ወይም እኛን ይጠይቃል።»

«እሺ፣» አለና እጁን አወረደ።

የሚከራከር መስሎኝ ነበር። አልተከራከረም። እንደታዘዘው ቁጥሮቹን አብሮን ላጠ፤ አዲሶቹን ለጠፈ። ኮሪደሩ ላይ ግን ሊወገድ የቆመ አሮጌ የካርድ ቁም ሣጥን ነበር፤ ትንንሽ መሳቢያዎች ያሉት፣ ኮምፒውተር ከመምጣቱ በፊት መጻሕፍት የሚፈለጉበት። ጋሽ ሶርሳ ይህንን ሣጥን ኃላፊውን አስፈቅዶ ወደ አንባቢዎች ክፍል አስገባው። ከዚያ የድሮዎቹን ካርዶች እያወጣ ባዶ ጀርባቸው ላይ መጻፍ ጀመረ። ከላይ የድሮውን ቁጥር፤ ቀጥሎ ወደ ታች የምታመለክት ቀስት፤ ከሥር አዲሱን ቁጥር። አንድ ጥናት፣ አንድ ካርድ። ጥናቶቹ ከሺህ በላይ ናቸው።

ለማን ብሎ እንደጀመረው ገብቶኛል።

«ጋሼ፣» አልኩት፣ «ለእትዬ አማረች አንዷን ብቻ ሠርተን ብናስቀምጥላቸውስ?»

«ሌላው ሰው እናት የለውም?»

«በካርድ የሚፈልግ ሌላ ሰው የለም እኮ።»

«ለአንዷ ብቻ ከሠራሁማ ውለታ ሆነ። ውለታ ደግሞ እኔ ስሄድ አብሮኝ ይሄዳል።»

አብሬው ጀመርኩ። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለታችንም ጻፍን። ሙቀቱ የሚታወቅ ነው፤ ማራገቢያው ካርዱን ይበትናል፤ ካጠፋነው ላብ ካርዱ ላይ ይንጠባጠባል። እሱ ከእጁ አንጓ ሥር መሀረብ አንጥፎ ይጽፋል። ባልደረቦቻችን ይስቃሉ፤ «ጋሽ ሶርሳ ሽመና ጀመረ» ይላሉ። በሦስተኛው ሳምንት እኔ ቀነስኩ። በአምስተኛው ሳምንት «ደከመኝ፣ ጋሼ፣ ሌላም ሥራ አለብኝ» አልኩት። ውሸት አልነበረም። ግን እሱም ሌላ ሥራ ነበረበት፤ እሱም ደክሞት ነበር፤ አንድ ዓይኑን ሞራ ጀምሮታል።

«እሺ፣ ሂድ እረፍ፣» አለኝ። ገና አራት ሰዓት ነበር፣ ጠዋት።

አልወቀሰኝም። ቢወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር። ክረምቱን ሙሉ ብቻውን ጻፈ። የመጨረሻዎቹ ካርዶች ላይ ፊደሉ ይንቀጠቀጣል፤ ቁጥሩ ግን አንዱም አልተሳሳተም። ኋላ ቀስ በቀስ አመሳክሬዋለሁ። ጡረታ የወጣ ቀን ኬክ ቆረስንለት፤ ጃንጥላ ሸለምነው። ቁልፉን ሰጠኝ፤ «የሚወድቁትን ወረቀቶች ጠዋት ጠዋት» አለኝ፤ ወደ ኦቾሎ ወጣ።

እትዬ አማረች የመጡት እሱ ከሄደ ከወር በኋላ ነው። እንደልማዳቸው ቅጽ ሞልተው ሰጡኝ፤ የድሮውን ቁጥር። ልነሳ ስል ራሴን ያዝኩ። እጃቸውን ይዤ ወደ ሣጥኑ ወሰድኳቸውና እንዴት እንደሆነ አንድ ጊዜ አሳየኋቸው። እሳቸው ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱ፤ ስድስት የተጻፈባቸውን መሳቢያዎች በዓይናቸው ለዩ፤ አንዱን ሳቡ። ካርዶቹን አንድ በአንድ ገለጡ። ሲያገኙት አልጮሁም፣ አልሳቁም። የታችኛውን ቁጥር ወደ አዲስ ቅጽ ገለበጡና፣

«ይሄ አጭር ነው፣» አሉኝ። «ስሙ ግን የለበትም።»

«አዎ፣» አልኳቸው። «ስሙን ከቁጥሩ ላይ ሰረዙት።»

«ጋሼ ነው ይሄን የጻፈው?»

«እሱ ነው።»

ካርዱን ወደ ቦታው ከመመለሳቸው በፊት እንደገና አዩት። እኔ ወደ ላይኛው ፎቅ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ቆሜ ያለቀስኩት ያን ቀን ነው፣ እሱ ገና በሕይወት እያለ። አንድ ጊዜ እንኳ ኦቾሎ ወጥቼ አልጠየቅኩትም፤ በየሳምንቱ «የሚመጣው ቅዳሜ» እል ነበር። ሁለት ዓመት በዚህ አለፈ።

እንግዲህ መርዶውን በሰማሁበት ቀን፣ የእትዬ አማረችን ስልክ ከቅጻቸው ላይ አግኝቼ ደወልኩ። ማረፉን ነገርኳቸው።

«ቤቱ የት ነው?» አሉኝ።

አርብ ከካምባ ወረዱ። ቅዳሜ ጠዋት ከኃላፊያችንና ከጥበቃችን ጋር በሚኒባስ ወደ ኦቾሎ ለለቅሶ ወጣን። አባያ ሐይቅ ከታች ቀይ ሆኖ ተዘርግቷል። እትዬ አማረች በመስኮቱ በኩል ተቀምጠው፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ «በረከት ደውሎ ነበር» አሉኝ። ባለፈው ክረምት፣ አንድ ጊዜ። ታንዛኒያ ታስሮ እንደነበር፣ መውጣቱን ነግሯቸዋል። ሌላ ሊነግራቸው ሲል ስልኩ ተቋረጠ፤ ከዚያ ወዲያ ቁጥሩ አይሠራም። «መጽሐፍህን አየሁ አልኩት። ማን አሳየሽ አለኝ። እኔው ጠርቼ፣ አልኩት።» እጄን እጃቸው ላይ አደረግኩ።

ድንኳኑ ከጋሽ ሶርሳ ቤት ደጃፍ ተተክሏል። የቤተ ክርስቲያኑ ዘማሪዎች ጨርሰው እየወጡ ነበር። ታላቅ ወንድሙ፣ በዱላ የሚሄዱ ሽማግሌ፣ እንግዳ ሲገባ እየተነሱ ይቀበላሉ፤ ለሟቹ ምን እንደሆነ ይጠይቃሉ፤ ከዚያ ቦታ ይሰጣሉ። ኃላፊያችን «የሥራ ባልደረባው ነኝ» አለ። ጥበቃችንም እንዲሁ። እትዬ አማረችን በጋሞኛ ጠየቋቸው፤ እሳቸውም በጋሞኛ መለሱ። ሽማግሌው ግራ ገብቷቸው ወደ ጋሽ ሶርሳ ልጅ ዞሩ።

«ምን አሉ?» አልኳት ልጅቷን።

«ተማሪው ነኝ ነው ያሉት፣» አለች እሷም ገርሟት። «አባቴ ግን አስተማሪ ሆኖ አያውቅም።»

እትዬ አማረች ማብራሪያ አልሰጡም። ከሴቶቹ መሀል ሄደው ተቀመጡ፤ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ።

ሽማግሌው ወደ እኔ መጡ። የጋሽ ሶርሳ ትከሻ ነው ያላቸው፤ ወደ ፊት ያዘነበለ። ቀስ ባለ አማርኛ፣

«አንቺስ፣ ልጄ? ምኑ ነሽ?» አሉኝ።

«እኔም ተማሪው ነበርኩ፣» አልኳቸው። «ግን አልጨረስኩም።»

አዩኝ። ከዚያ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ወደ ጎን ፈቀቅ አሉልኝ።